የአፍ ፈተናና የዓይን ጥያቄ

የአፍ ፈተና ይባላል እንጂ እኛ ሲሰጥ ያየነው ፈተና እኩሌታው የዓይን ነው። ተፈታኙ ይገባል፤ ይቀመጣል፤ መምህሩ አንድ ሥዕል ከፊቱ ያኖሩና «ያየኸውን በእንግሊዝኛ ተናገር» ይሉታል። ሥዕሉ ላይ አንድ ቤተሰብ ምሳ ሲበላ፣ ወይም አንድ ሰው ጃንጥላ ይዞ አውቶቡስ ሲጠብቅ ይታያል። ዓይን ያለው ተማሪ ቃል እንኳ ባይመጣለት ሥዕሉን እያገላበጠ ጊዜ ያሳልፋል። ዓይነ ሥውሩ ግን እንግሊዝኛውን ሳይጀምር ተሸንፎ ይወጣል። ይህ ነገር በዚህ መጽሔት ሲነሣ አላየንም፤ እኛን ደግሞ በቅርብ ነክቶናልና አንባቢያን ጥቂት ጊዜ እንዲሰጡን እንለምናለን።

እኛ የምንለው አራት ነን። ሁለታችን የሐይቅ ልጆች ነን፤ አንዱ የውጫሌ ልጅ ነው፤ አራተኛው ከአምባሰል ገጠር የመጣ፣ በሕፃንነቱ ዓይኑ የጠፋ ጓደኛችን ነው። ስሙ እንዲጻፍ ስላልፈለገ «ጓደኛችን» እያልን እንቀጥላለን። በእንግሊዝኛ አነጋገር ከአራታችን የሚበልጠው እርሱ ነው። ይህንንም ስንጽፍ ከአጠገባችን ተቀምጦ «እርሱን በደንብ አድርጋችሁ ጻፉት» እያለን ነው።

ነገሩ የተጀመረው በመጀመሪያ ዓመት በሚሰጠው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርት ነው። የንግግር ፈተና ቀን ተራው ደርሶ ሲገባ መምህሩ ሥዕሉን አነሡ፤ አዩት፤ እርሱንም አዩት፤ መልሰው አስቀመጡት። ከዚያም በጣም በለዘበ ድምፅ «አንተ ግድ የለህም፤ የክፍሉን አማካይ ነጥብ እሰጥሃለሁ» አሉት። መምህሩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ እንዲያውም በዚያ ሰዓት ደግ ሥራ የሠሩ ሳይመስላቸው አይቀርም። ጓደኛችን አመስግኖ ወጣ። ማታ ግን ራት አልበላም። ብንወተውተው «ሌላው ያመጣውን ተካፍዬ ተሰጠኝ፤ እኔ ያመጣሁት የት አለ?» አለን። ለዚህ መልስ አጣን።

ልጁ የእንግሊዝኛ አስተማሪ መሆን ይፈልጋል። ከዚያም አልፎ ውጭ አገር ሄዶ ሁለተኛ ዲግሪ መማር ያስባል። ለሁለቱም አንድ ቀን ሰው ፊት ቀርቦ አፉን ማስመዘን አለበት። አማካይ ነጥብ ይዞ የሄደ ሰው ደግሞ ምን ያህል እንደሚችል እርሱም አያውቅም፤ ቀጣሪውም አያውቅም።

ዩኒቨርሲቲ እስኪገባ ድረስ በአፉ የተፈተነ ተማሪ ብዙ አይደለም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው ይባላል፤ በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግን እንግሊዝኛ የሚጠየቀው ፊደል በማስመረጥ ነው። ዓይነ ሥውር ተፈታኝ ጥያቄውን ብዙ ጊዜ የሚሰማው በአንባቢ አፍ ነው። እንግዲህ የአንባቢው እንግሊዝኛ የተፈታኙ ዕጣ ይሆናል ማለት ነው። ለጓደኛችን ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ የሙከራ ፈተና ያነበቡለት ሰው «መርከብ» የሚለውንና «በግ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በአንድ ድምፅ ነበር የሚጠሩት። ምንባቡ ስለ ባሕር ጉዞ ነበር። እርሱም በጎቹ ባሕሩን እንዴት እንደ ተሻገሩ ሲያሰላስል ሰዓቱ አለቀበት። አሁን ሲያወራው እንስቃለን፤ ያን ቀን ግን የሳቀ አልነበረም።

ከሐይቅ ለመጣ ሰው በቃል መፈተን እንግዳ ነገር አይደለም። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዓመት ደቀ መዛሙርት ሰብስበው አስተምረዋል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእነዚያ አንዱ እንደ ነበሩ ይታወቃል። በቅኔ ቤት ተማሪ ቅኔውን በልቡ ቆጥሮ መጥቶ መምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም ሰምተው ያርማሉ፤ ያቃናሉ። የዜማ ተማሪ ሌሊት ያለ መብራት ሲያዜም ዓይን ያለውና የሌለው እኩል ናቸው። በእስላሙም ወገን እንዲሁ ነው፤ በሐይቅና በአምባሰል መንደሮች ቁርኣንን በቃሉ የያዘ ሃፊዝ የሚከበረው በሰማው፣ በያዘውና ባሰማው ነው። ባለፈው ክረምት አንድ የቅኔ መምህር ዘንድ ቀርበን «የኔታ፣ ዓይነ ሥውር ተማሪ ሲመጣ እንዴት አድርገው ይፈትኑታል?» ብለን ጠየቅናቸው። ጥያቄው ራሱ ገረማቸው። «ጆሮዬን አዘነብላለሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?» አሉ።

ይህን ስንል የድሮው ሁሉ ምሉዕ ነበር ማለታችን አይደለም። በዚያ ሥርዓት ዓይነ ሥውሩ መምህር ለመሆን ይችል ነበር፤ መጽሐፍ ለመመልከት ግን የሰው ዓይን መለመን ነበረበት። ብሬል የመጣው ለዚህ ነው። ነገር ግን ንግግርን በንግግር መመዘን ከባዕድ አገር የምንማረው ጥበብ አይደለም።

የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስለሆንን አንድ ነገር እናክል። ጆን ሚልተን በ1652 እ.ኤ.አ. ፈጽሞ ዓይነ ሥውር ሆነ፤ «ፓራዳይዝ ሎስት» የተባለውን ታላቅ ግጥሙን በአፉ እየተናገረ ሌሎች ጻፉለት፤ በ1667 እ.ኤ.አ. ታተመ። ያን ግጥም በክፍል እያነበብን እንፈተናለን። ሚልተን ራሱ መጥቶ ባለ ጃንጥላውን ሰውዬ ሥዕል ቢሰጡት ግን አማካይ ነጥብ ይዞ ይወጣ ነበር።

ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ። በዓለም የታወቁት ፈተናዎች ይህን ነገር እንዴት እንዳደረጉት መረመርን። አይኤልትስ የተባለው ፈተና የንግግር ክፍሉ ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሦስት ክፍል አለው። ሥዕል የለበትም። በመካከለኛው ክፍል ርእስ የተጻፈበት ካርድ ይሰጣል፤ ተፈታኙ አንድ ደቂቃ አስቦ እስከ ሁለት ደቂቃ ይናገራል። ካርዱን በብሬል ወይም በትልቅ ፊደል ማግኘት፣ ተጨማሪ ጊዜም መጠየቅ ይቻላል፤ የሐኪም ማስረጃ ግን ከብዙ ሳምንት በፊት ማቅረብ ግድ ነው። ከሐይቅ እስከ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና ማስረጃው አንድ ጉዞ፣ ፈተናው ሌላ ጉዞ ይጠይቃል። የካምብሪጅ ፈተናዎች ደግሞ ሁለት ተፈታኞችን ባንድነት ያስቀምጣሉ፤ በፎቶግራፍም ይጠቀማሉ። ለዓይነ ሥውር ተፈታኝ ፎቶግራፉን በቃላት መግለጫ ይተኩለታል፤ ቢፈልግ በብሬል።

ይህ መግለጫ የሚሉት ነገር ደስ አሰኝቶን ነበር። በክረምቱ ዕረፍት ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ራሳችን ሞከርነው። አንድ የገበያ ሥዕል ወስደን «አንዲት አሮጊት ሽንኩርት ስትከራከር ይታያል» የሚል በእንግሊዝኛ ጻፍንና አነበብንለት። ጓደኛችን ወዲያው «እንዴ! ‹መከራከር› የሚለውን ግሥ እናንተ ሰጣችሁኝ፤ ምኑን ልፈተን?» አለ። እውነቱን ነው። ዓይን ያለው ተፈታኝ ግሡን ከራሱ ጓዳ ፈልጎ ማውጣት አለበት፤ ዓይነ ሥውሩ ግን ቃሉን ከፈታኙ ይቀበላል። ከዚያ ቀንሰን «ገበያ፤ አሮጊት፤ ሽንኩርት» ብቻ ብንለው «ይህማ የአስቤዛ ዝርዝር ነው» አለን። በዚህ ላይ ሥዕልን በአንድ አፍታ ማየትና መግለጫን በጣት ዳስሶ በልብ መያዝ እኩል ድካም አይደለም። ተጨማሪ ጊዜ የሚሰጠው ለዚህ ነው እንጂ አሳብ ስለሚዘገይበት አይደለም፤ ብዙ ሰው ይህን ይስተዋል።

ሁለተኛው ሙከራ በዕቃ ነበር። ከአክስቱ ቤት አንድ የሸክላ ጀበናና አንድ ፔርሙስ ተውሰን በእጁ ሰጠነውና «አወዳድር» አልነው። በሥዕል የሚፈለገው ሥራ ማወዳደርና መገመት ነውና ያው ሥራ በዕቃም ይሠራል። የጀበናውን ጆሮ ዳሰሰ፤ አንገቱ ላይ ያለውን ስንጥቅ አገኘ፤ ተጠግኖ እንደሆነም ገመተ። ፔርሙሱን አሽትቶ ቡና ሳይሆን ሻይ እንደ ነበረበት ተናገረ። ከዚያም ጀበና ሰው ሲሰበሰብ፣ ፔርሙስ ሰው ሲቸኩል የሚያዝ ነው እያለ በእንግሊዝኛ ሦስት ደቂቃ ያህል ወረደው። አክስቱ ከምድጃው ዳር ሆነው «ልጆች፣ ዕቃውን ትሰብሩታላችሁ ወይስ ታገቡታላችሁ?» ብለው አቋረጡን።

ሦስተኛው ከሁሉ በለጠ። በስልክ ሁለት ድምፅ ቀዳን፤ አንዱ የሐይቅ ገበያ ረፋድ ላይ፣ ሁለተኛው ማለዳ የሐይቁ ዳር። እያንዳንዳቸው አንድ ደቂቃ ናቸው። አራታችንም በየተራ ሰምተን እንድናወዳድር ተስማማን። ዓይናሞቹ ሦስታችን «ሰዎች ያወራሉ፤ ወፎች ይጮኻሉ» ብለን ጨረስን። እርሱ ግን ከሻጮቹ አንዷ የአገሩ ሰው አለመሆኗን ከአነጋገሯ ለየ፤ የጀልባ እንጨት ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ሰማ፤ ከሩቅ አህያ ሲጫን ሰማ። ሲጨርስም ሳቅ እያለ «ለእነዚህ ልጆች ተጨማሪ ጊዜ ይሰጣቸው» አለ። እዚህ ላይ የምናስበው አንድ ነገር አለ፤ ፈተናው በድምፅ ቢሆን ለእርሱ ያደላ ይሆን? በጥቂቱ ያደላ ይሆናል። ግን ከሰማነው ውስጥ ዝቅተኛውን ብቻ ይዘን ብንናገር እንኳ ሦስታችንም ለመናገር በቂ ነገር ነበረን። በሥዕሉ ጊዜ እርሱ የነበረው ባዶ ጠረጴዛ ነው።

ከሥዕሉ ሌላ ማንም የማያስተውለው ትንንሽ ነገር አለ። በአንድ የነጥብ መስጫ ወረቀት ላይ «የዓይን ግንኙነት» የሚል መስመር አይተናል፤ ሁለት ነጥብ ይዟል። አይኤልትስ የሚመዝነው አራት ነገር ነው፤ የንግግር ፍሰትና ትስስር፣ የቃላት ሀብት፣ ሰዋስው፣ የድምፅ አወጣጥ። ዓይን ለዓይን መተያየት በዚያ ውስጥ የለም። ደግሞም ፈታኙ በራሳቸው ነቅነቅ ብቻ «ቀጥል» ካሉ ጓደኛችን አያውቀውም፤ ዝም ሲሉ እየጻፉ ይሁን ወይም ተቆጥተው ይሁን መለየት አይችልም። «እየጻፍሁ ነው፤ ቀጥል» የሚል አንድ ቃል ይበቃዋል። ከሌላ ተማሪ ጋር ተጣምሮ ሲፈተንም ጓደኛው «ይህኛው»፣ «እዚያ ያለው» እያለ በጣቱ ይጠቁማል። እኛ ከእርሱ ጋር ስንለማመድ ጣታችን ስላልጠቀመን ስም መጥራት ግድ ሆነብን፤ የእኛም እንግሊዝኛ ከዚያ ወዲህ ትንሽ ቀንቷል።

ስለ ድምፅ አወጣጡ ደግሞ አንዳንድ ሰው «እንደ ማሽን ትናገራለህ» ይለዋል። እንግሊዝኛን የሚያነብለት የስልኩ ድምፅ ነውና ምን ይደረግ! እርሱ የሚሰማበትን ፍጥነት እኛ ልንከተለው አንችልም፤ ለእኛ የንብ ቀፎ ድምፅ ነው። ከማሽን የተማረው ቃል ግን በትክክል ይጠራል፤ በግና መርከብን ይለያል።

ከመካከላችን አንዱ የውጫሌ ልጅ ነው ብለናል፤ ሰው ሁሉ አገሩን ማንሣት አይተውምና እርሱም አነሣ። በ1881 ዓ.ም. በውጫሌ የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው «ይቻላል» የሚል ትርጉም ሲኖረው በጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ ተጻፈ፤ የዚያ ግሥ ጣጣ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ አበቃ። አሁን እኛ ባገኘነው አንድ የፈተና መመሪያ ላይ ለአካል ጉዳተኛ ተማሪ ልዩ ዝግጅት «ሊደረግለት ይችላል» የሚል ተጽፏል። የውጫሌው ልጅ በዚህ ግሥ ላይ ጣቱን አሳርፎ አልነሣም አለ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ 24ኛ አንቀጽ በትምህርት ተገቢው ማመቻቸት እንዲደረግ መንግሥታትን ያስገድዳል። ስለዚህ «ይችላል» ወጥቶ «ይደረግለታል» እንዲገባ ጠይቀናል።

«አንድ ሁለት ተማሪ ብሎ ይህን ሁሉ ማን ይደክምለታል?» የሚሉን አልጠፉም። የትነበርሽ ንጉሤ የተወለደችው እዚሁ ደቡብ ወሎ፣ አማራ ሳይንት ነው። በአምስት ዓመቷ ዓይኗ ጠፋ፤ በሻሸመኔ የዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤት ተማረች፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠናች፤ በ2017 እ.ኤ.አ. «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። በየአገሩ ቆማ በእንግሊዝኛ ትናገራለች። እርሷን «ግድ የለሽም» ብሎ ሥዕሉን ያነሣባት ሰው ቢኖር የሚቀበለው ነጥብ ስንት እንደሚሆን አንባቢ ይገምት።

ጥያቄያችንን በአንድ ገጽ ጽፈን ለሚመለከተው ክፍል ሰጥተናል፤ በሚመጣው ስብሰባ እንደሚታይ ተነግሮናል። እስከዚያው እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። የሚመጣው የንግግር ፈተና በግንቦት ስለሆነ መምህራን ቢፈልጉ ወዲያው የሚያገኙት የድምፅ ስብስብ እያዘጋጀን ነው። አንባቢያን ለበዓል ወደየአገራችሁ ስትሄዱ አንድ ደቂቃ ያህል ድምፅ ቀድታችሁ ብታመጡልን እናመሰግናለን፤ መናኸሪያ፣ ወፍጮ ቤት፣ ሠርግ ቤት፣ የትምህርት ቤት ዕረፍት ሰዓት፣ ምንም ቢሆን። ማብራሪያ አትጨምሩበት፤ ቃሉን ተፈታኙ ይፈልገው። እስካሁን አሥራ አንድ አለን፤ ከእነዚህ ውስጥ ስድስቱ የሐይቅና የውጫሌ ገበያ ናቸው። ጓደኛችን ይህ ለሌላው አገር ልጅ አድልዎ ነው እያለ ነው።