ሌሊት የሚበላው

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልጃቸው ቤት ጓሮ፣ አንድ ጡረተኛ የግብርና ባለሙያ በግንቦት አኩሪ አተር ዘሩ። ፓዌ ሳሉ ለገበሬ ያስተምሩት የነበረ ሰብል ነው። አሜሪካ ከመጡ ወዲህ "ይረፉ አባዬ" ከመባል በቀር ሥራ የሰጣቸው አልነበረም።

ቡቃያው በወጣ በሦስተኛው ቀን ግማሹ ተቀርጥፎ አደረ። አፈሩ ላይ የደረቀ ምራቅ የመሰለ መስመር ያብረቀርቃል። ማታ በባትሪ ፈልገው አገኙት፦ ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣ። የልጅ ልጃቸው "ስለግ" ይለዋል፤ አማርኛው ግን የሚጠራው በሌለው ነገር ነው። በቆሎ ቢሆን የማደጊያ ጫፉ ለጊዜው አፈር ውስጥ ስለሚቆይ መልሶ ያቆጠቁጥ ነበር። አኩሪ አተር ከክኩ በታች ከተቆረጠ ግን አለቀለት።

ወንድ ልጃቸው ቅዳሜ ከአሌክሳንድሪያ ፀረ ተባይ ይዞ መጣ። መንገዱ በፔንታጎን በኩል ነው። እዚያው አጠገብ እስከ 1940ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የአርሊንግተን የሙከራ እርሻ ነበር፤ ዊልያም ሞርስ የእስያን የአኩሪ አተር ዘሮች ይሞክር የነበረው በዚያ ነው። ልጁ ይህን አያውቅም፤ ቢያውቅም ትራፊኩ አያስታውሰውም።

"አባባ፣ ለአንዲት ድስት አተር ይህ ሁሉ? ከሱቅ በረዶውን እንገዛለን እኮ።"

አባት አልመለሱም።

መርዙን ያስቆመችው እህቱ ናት። መጀመሪያ ስለ ልጇ ፈርታ ነበር፤ ኋላ በስልኳ አንድ ጥናት አገኘች። የፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 እንዳሳተሙት፣ ዘር የሚታሽበት ኒዮኒኮቲኖይድ የተባለ ፀረ ተባይ ቀንድ አውጣውን አይገድለውም፤ ነፍሳት አይደለምና። ቡቃያውን በልቶ መርዙን በሆዱ ይዞ ይሄዳል። እሱን አድነው የሚበሉት ጥንዚዛዎች ናቸው የሚመረዙት። በሙከራው የአኩሪ አተሩ ብዛት በ19 በመቶ፣ ምርቱ በ5 በመቶ ቀነሰ።

ስታነብላቸው ቆይተው፣ "ድገሚልኝ" አሏት። በሥራ ዘመናቸው ስንቱን ገበሬ "እርጭ" ብለዋል።

ከዚያ ማታ ጀምሮ በመደቡ መሐል እርጥብ ጣውላ ያነጥፋሉ። ጠዋት የልጅ ልጃቸው ይገለብጠዋል፤ ከሥሩ የተሸሸጉትን እየቆጠረ ሳሙና ውኃ ውስጥ ይጥላል። አንድ ቀን ጥቁር ጥንዚዛ አግኝቶ ሊጨምረው ሲል እጁን ያዙት።

"እሱን ተወው፤ የሌሊት ዘበኛችን ነው።"

ሰኞ ዕለት የተበላውን መስመር እንደገና ዘሩ። ወንድ ልጃቸው ያመጣው ጠርሙስ ሳይከፈት ጋራዥ ውስጥ ተቀምጧል።