ከጎሚስታው ደጃፍ የበላሁት እራት

እስቲ እውነቱን እንነጋገር! አንዲት ወጣት፣ ያውም ለሰርግ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ከተዘጋ ጎሚስታ ደጃፍ ቆማ በእጇ ስትበላ ብታዩ ምን ትላላችሁ? "ምነው፣ ቤት የላትም እንዴ?" አትሉም? እኔም እል ነበር። ያቺ ወጣት እኔው ራሴ እስክሆን ድረስ ማለቴ ነው።

ነገሩ የሆነው አሜሪካ፣ ሎስ አንጀለስ ከተማ ነው። ለዘመድ ሰርግ ተጠርቼ ሄጄ። እዚያ ከ10 ዓመት በላይ የኖረ የአክስቴ ልጅ አለ። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ "ጋሼ" ነው የምለው። እኛ ቤት የእሱ ስም ሲነሳ ሁሉም ቀና ብሎ ይቀመጣል። የአክስቴ ፍሪጅ፣ የታናናሾቹ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ… ሁሉም የእሱ ነው። እኔም ብሆን ዝም ብዬ አልሄድኩም። ላፕቶፕ ግዛልኝ ልለው አስቤ፣ አነጋገሬን እንኳ አውሮፕላን ውስጥ ስለማመድ ነበር።

ኤርፖርት ተቀበለኝና "ቤቴ እየታደሰ ስለሆነ ሙሽሪት ቤት ታርፊያለሽ" አለኝ። ማታ ደግሞ "የሜክሲኮ ምግብ ላስቀምስሽ" ብሎ አንድ ባለመስታወት ሬስቶራንት ወሰደኝ። ግድግዳው ላይ ሰፋፊ ባርኔጣ ተሰቅሏል፣ ጊታር ይመታል፣ አስተናጋጁ ከረባት አስሯል። ምግቡ መጣ። ቢጫ አይብ ስለፈሰሰበት ከሥሩ ምን እንዳለ አይታወቅም። ጣዕሙ ያደረ ላዛኛ ነው። ግን "ይጣፍጣል" አልኩ፤ እንግዳ ነኛ! ሒሳቡ ከነቲፑ ከ130 ዶላር በላይ መጣ። ጋሼ ገንዘቡን ጠረጴዛ ሥር ሁለት ጊዜ ሲቆጥር አየሁት። አይቼም እንዳላየ ሆንኩ።

ሰርጉ አለፈ። በመልሱ ማግስት ፌርፋክስ ጎዳና ቡና ጠጣን። ከተማው እ.ኤ.አ. በ2002 "ሊትል ኢትዮጵያ" ብሎ የሰየመው፣ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት ሰፈር ነው። ወጥተን ብዙም ሳንርቅ የመኪናው ጎማ ተነፈሰ! ጋሼ አንድ ጎሚስታ ግቢ ውስጥ አስገባው። ሰዓቱ መሽቶ ስለነበር ቤቱ ተዘግቷል። ግቢው ግን በሰው ተሞልቷል። ጄኔሬተር ይጮኻል፣ አምፖል በሽቦ ተንጠልጥሏል፣ ጭስ ይወጣል። ቱታ የለበሰ ሠራተኛ፣ ነርስ፣ ልጇን ያዘለች እናት… ሁሉም ተሰልፈዋል።

"አንቺ አትውረጂ" አለኝ ጋሼ፣ ትርፍ ጎማውን እያወጣ። ፍም ላይ የሚጠበሰው ሥጋ ሽታ ግን አላስቀምጥ አለኝ። ወረድኩ።

ምጣዱ ዘንድ የቆመችው ሴትዮ ጋሼን ስታይ ፈገግ አለች። በስሙ ጠራችው! ከዚያ ምንም ሳያዛት አራት ታኮ በወረቀት ሰሃን ደርድራ ዘረጋችለት። የጋሼ ፊት ልውጥውጥ አለ።

"እዚህ ትመጣለህ እንዴ ጋሼ?"

"አልፎ አልፎ" አለ። ቀጥሎ ሳቀ፣ ሳቁም ተቆረጠ። "ምን እዋሽሻለሁ… ሦስት ዓመት ሙሉ እራቴ ይኸው ነው።"

ቆመን በላን። ስሙኝማ! ሴትየዋ የበቆሎ ሊጥ ታድቦለቡላለች፣ በመጫኛ ጠፍጥፋ ምጣድ ላይ ጣል ታደርጋለች። ቶርቲያ ይሉታል። በቆሎው በኖራ ውሃ ተቀቅሎ፣ አድሮ፣ ታጥቦ ነው የሚፈጨው። ኖራው ልጣጩን ያስለቅቃል፣ ሊጡን ያያይዛል። ከእኛ መዳፍ አይበልጥም፤ አንዱ ታኮ ሁለት ጉርሻ ነው። በላዩ የተከተፈ የበሬ ጥብስ፣ ሽንኩርት፣ የድንብላል ቅጠል፣ ሎሚ ጭምቅ! ቀዩን ሳልሳ ስቀምስ የእናቴ አዋዜ ትዝ አለኝ። የበርበሬ ዘር ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ባሕሩን ካቋረጠ በኋላ ከዚያ ወገን የተሻገረ ነው። በቆሎም እንደዚያው። ታዲያ ባዕዱ ማነው?

አንዱ ታኮ 2 ዶላር ከ50 ነው። አራቱ ከባለመስታወቱ ቤት ሰላጣ ዋጋ በታች!

እየበላን ጋሼ ተናገረ። የሚታደስ ቤት የለም። ከሦስት ሰዎች ጋር አንድ አፓርታማ ይጋራል፣ ሌሊት መኪና ያቆማል፣ ቀን ዕቃ ያደርሳል። "የመጀመሪያው ቀን እዚህ ባመጣሽ አገር ቤት ምን ይባላል ብዬ ነው" አለኝ። "ለእናቴ እንዳትነግሪያት።" የላፕቶፑን ነገር ከታኮው ጋር ዋጥኩት።

ሴትየዋም ቢሆን የራሷ ታሪክ አላት። ድሮ ፖሊስ ሲመጣ ምጣዷን ጥላ ትሮጥ እንደነበር ጋሼ ነገረኝ። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ሕግ የእግረኛ መንገድ ላይ መሸጥ እንደ ወንጀል መታየቱ ቀርቷል። ለካ ተደብቀው የኖሩ ሁለት ሰዎች ናቸው በየማታው የሚገናኙት!

እንግዲህ ወደዚያ የምትሄዱ ወጣቶች ስሙኝ። በር አትዩ፣ ሰልፍ እዩ፤ ከሥራ የወጣ ሰው የሚሰለፍበት ቤት አያሳፍርም። ቶርቲያው ፊታችሁ የሚጋገር ከሆነ ደግሞ አትለፉት። አናናስ ተሰክቶበት እንደ ሻዋርማ የሚዞረው "አል ፓስቶር" የሚሉት ሥጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ነው፤ ዘዴውን ወደ ሜክሲኮ ያስገቡት የሊባኖስ ስደተኞች ናቸው። የማትበሉ ከሆነ "ሬስ" በሉ፣ የከብት ማለት ነው። ጿሚ ከሆናችሁ ባቄላውንም ጠይቁ፣ በአሳማ ስብ የሚሠራ ይኖራልና።

ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ደግሞ፣ ስትደውሉ "ላክልኝ" ከማለታችሁ በፊት "እራት በላህ ወይ?" በሉት። ውጭ ያላችሁም እንግዳ ሲመጣባችሁ እናንተ የምትበሉበት ውሰዱት። እኔ የባለመስታወቱን ቤት ምግብ ረስቼዋለሁ። የጎሚስታውን እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ።

ስመለስ አክስቴ ገና ጉንጬን ስማኝ ሳትጨርስ "ልጄ ምን አበላሽ?" አለችኝ።

"እጅ የሚያስቆረጥም እራት" አልኳት።

"ድሮም ልጄ ጥሩ ቤት ያውቃል" አለች፣ ኩራቷ አይጣል ነው።

እውነቷን ነው፣ ያውቃል።