በባሮ ዳር፤ በበጋ መጨረሻ ወደ ጋምቤላ የተደረገ ጉዞ

ስለ ጋምቤላ የሚነገረውን ሰምታችሁ ይሆናል። ሙቀቱ ሰው ያቀልጣል፤ ትንኙ አያስተኛም፤ አዞውም በወንዙ ዳር አድፍጦ ይጠብቃል ይባላል። ይህን ሁሉ እኔም ሰምቼ ነበር። ከሰማሁት ከፊሉን እውነት ሆኖ አገኘሁት፤ ዋናውን ነገር ግን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የሄድሁበትን ምክንያት ሳልሸሽግ ልንገራችሁ። ሥራዬ ታሪክ ማስተማር ነው። አንድ ቀን ስለ አገራችን የውጭ ንግድ ሳስተምር፥ የምድር ባቡር ከተሠራ ወዲህ ቡናችን የሚወጣው በጅቡቲ በኩል ብቻ ነበር ብዬ ተናገርሁ። ከኋላ መቀመጫ አንድ የጋምቤላ ልጅ እጁን አወጣና «መምህር፥ አያቴ እኮ ቡና መርከብ ላይ ሲጫን አይቻለሁ ይላል፤ እዚያው እኛ አገር» አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም፥ እውነቱን ለመናገር፥ አብሬ ፈገግ አልሁ። ማታ መጽሐፍ ገልጬ ብመለከት የተሳሳትሁት እኔ ነበርሁ። በማግሥቱ በክፍሉ ፊት ስሕተቴን አረምሁ፤ ልጁ ግን ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ከክፍል ስንወጣ «አያቴ አሁንም በሕይወት አለ» ብቻ ብሎኝ ሄደ። እንግዲህ የየካቲት ዕረፍት ሲደርስ ሻንጣዬን አንሥቼ የወጣሁት ስለዚህ ነው።

በመጽሐፍ ያገኘሁት ነገር እንዲህ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አጼ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የሱዳንን ወሰን ውል ሲዋዋሉ፥ በባሮ ወንዝ ዳር በኢታንግ አጠገብ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥ ፈቀዱ። ቦታው ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ፥ በወንዙ በኩል ያለው ግንባሩም ከ2000 ሜትር እንዳያልፍ፥ ለፖለቲካና ለጦር ጉዳይም እንዳይውል በውሉ ተጽፏል። 400 ሄክታር በድሮው መለኪያችን አሥር ጋሻ ያህል መሆኑ ነው። ኢታንግ በክረምት ውኃ የሚተኛባት ስፍራ ስለሆነች ጣቢያው ወንዙን ሽቅብ ይዞ ወደ ጋምቤላ ተዛወረ። ከዚያ በኋላ ከካርቱም የተነሣ የእንፋሎት መርከብ በነጭ አባይ ወጥቶ፥ በሶባት ታጥፎ፥ ባሮን ይዞ ጋምቤላ ይደርስ ጀመር። ጨውና አቡጀዲ ያራግፋል፤ የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና፥ ሰምና ቆዳ ይጭናል። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎችም መጋዘን ሠርተው ተቀመጡ።

ከአዲስ አበባ ጋምቤላ ከ700 ኪሎሜትር በላይ ነው። በአውቶቡስ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በአይሮፕላን መሄድ የሚቻል ቢሆንም እንዲህ ያለ መንገድ ከሰማይ ሊታይ አይገባውም። መቱን አልፎ ጎሬ ላይ ገና ደጋ ነው፤ ጉሙ አልተገፈፈም፤ ጋቢ ያስፈልጋል። ጎሬ የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ የነበረች፥ በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ ሲወጡ ጊዜያዊው መንግሥት የተቀመጠባት ከተማ ናት። ዛሬ አውቶቡሱ ለቁርስ እንኳ ብዙ አይቆምባትም። ከቡሬ በኋላ መንገዱ ጠምዘዝ እያለ ቁልቁል ይወርዳል። በዚህ ቁልቁለት ላይ ነው ቡናው በሰው ጀርባና በከብት ተጭኖ ይወርድ የነበረው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሰው ሁሉ ሹራቡን ያወልቃል፤ ጆሮ ይደፈናል፤ ዛፉና የሣሩ መልክ ይለወጣል፤ ወዲያው በፊታችሁ ጠረጴዛ የመሰለ ሜዳ እስከ ሱዳን ተዘርግቶ ይታያል። ከሁለት ሺህ ሜትር ከፍታ ተነሥታችሁ በ500 ሜትር ግድም ላይ ናችሁ።

ጋምቤላ የደረስሁት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት የሚንቀሳቀስ ሰው የለም ለማለት ይቻላል። በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል፤ ፍየሎች እንኳ የግድግዳ ጥላ ይዘው ተኝተዋል። ዳሩ ግን ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ከተማው እንደገና ይወለዳል። ሰው ሁሉ ወደ ባሮ ይወርዳል። አኙዋኮች ወንዙን ኦፔኖ ይሉታል። ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፤ ልጆች ይዋኛሉ፤ ከአንድ ግንድ የተቦረቦረ ታንኳ የያዙ ዓሣ አስጋሪዎች መረባቸውን ይጥላሉ። እኔ ከጉልበቴ በላይ አልገባሁም። በ1958 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ አንድ ወጣት አሜሪካዊ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ እዚሁ ወንዝ ውስጥ ሲዋኝ አዞ እንደበላው አንብቤ ነበርና። ልጆቹ ግን ሳቁብኝ። ለካ ከአስተማሪው ይልቅ መሳቅ ያለባቸው ተማሪዎች በየአገሩ አሉ።

በገበያው የሚሰማው ቋንቋ ብዙ ነው። አኙዋክኛና ኑዌርኛ፥ ኦሮምኛ፥ ከወሰን ማዶ የመጣ ዓረብኛም ይሰማል፤ መዠንግሮች፥ ኦፖዎችና ኮሞዎችም የክልሉ ተወላጆች ናቸው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ በመሆኑ አንዱ ከሌላው የሚገበያየው አብዛኛውን ጊዜ በአማርኛ ነው። ግንባራቸውን የቁንዳላ መስመር የመሰለ ስድስት የጠባሳ ሰረዝ የተሰመረባቸው የኑዌር ሽማግሌዎች በአማርኛ ዋጋ ሲከራከሩ ሰምቼ፥ በልቤ የነበረው የደገኛ ኩራት ትንሽ አፈረ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 307 ሺህ ያህል ነበር። ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው በኢታንግ፥ በፑኝዶና በሌሎችም ሰፈሮች የተጠለሉት ስደተኞች ደግሞ ከ300 ሺህ በላይ ሆነዋል። ቁጥሩን ደግማችሁ አስቡት፤ እንግዳው የባለቤቱን ቁጥር አክሏል ማለት ይቻላል።

ስለ ብሔራዊ ፓርኩ ብዙ አልናገርም፤ አልገባሁበትም። ነጭ ጆሮ ያላቸው ቆርኬዎች በመንጋ ከደቡብ ሱዳን ወደ ጋምቤላ የሚሻገሩበት ጉዞ በአፍሪካ ከሚታወቁት ታላላቅ የዱር እንስሳት ጉዞዎች አንዱ ነው። እሱን ያየ ይጻፈው።

የልጁን አያት ያገኘኋቸው በማግሥቱ ማለዳ ነው። በአንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ሥር ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጠው ፒፓ ያጨሳሉ። ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል። የልጃቸው ልጅ መምህር መሆኔን ስነግራቸው «ያ የሳቀው መምህር ነህ?» አሉኝ። አዎን አልኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ፤ «ና» ብለው ወደ ወንዙ መሩኝ።

በዚህ ወቅት ባሮ እጅግ ይቀንሳል። በመካከሉ የአሸዋ ደሴቶች ብቅ ብቅ ብለዋል። መርከቦቹም በበጋ አይመጡም ነበር፤ ከክረምት መግቢያ እስከ ጥቅምት ግድም ብቻ ነው ወንዙ የሚሸከማቸው። በአውሮፓ ሰሜን፥ በባልቲክ ባሕር ዳር እንደ ታሊንና እንደ ሪጋ ያሉ የመካከለኛው ዘመን የነጋዴ ከተሞች መርከባቸውን አስረው በረዶው እስኪቀልጥ ይጠብቁ ነበር። እነሱም ከሩሲያ ጫካ የመጣ ሰም ይሸጡ ነበር፤ እኛም ከኢሉባቦር ጫካ የመጣ ሰም። የእነሱ ቤተ ክርስቲያንና ግንብ ግን ዛሬም ቆሞ የዓለም ሕዝብ ይጎበኘዋል። የጋምቤላ ወደብ ቅሪት የት እንዳለ ለማወቅ ሽማግሌ መያዝ ያስፈልጋል።

«ሳይታይ በፊት ነው የሚሰማው» አሉኝ ሽማግሌው። «ከዚያ ከመታጠፊያው ሲጮኽ ሁላችንም እንሮጣለን። ልጅ ነበርኩ። ጆንያው ከእኔ ይከብዳል፤ ግን የወደቀውን ቡና እየለቀምን እንሸጣለን።» እሳቸው የሚያስታውሱት የመጨረሻዎቹን ዓመታት ነው። ጋምቤላን ኢጣልያ ይዟት፥ በመጋቢት 1933 ከሱዳን በኩል በገባው የእንግሊዝና የቤልጂክ ኮንጎ ጦር ተለቀቀች። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ኪራዩ አበቃ፤ በ1949 ዓ.ም. ጥቅምት ላይም ቦታው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ንግዱ ወደ መኪና መንገድና ወደ ሌሎች ወደቦች ዞረ፤ የሱዳን ጦርነትም የቀረውን ዘጋው።

ስንመለስ ስለ ቤተሰባቸው ጠየቅኋቸው። ስንት ልጆች አሉዎት ብዬ። በጣታቸው ቆጠሩ። ሁለቱ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አጥፈው «እነዚህ በታኅሣሥ 1996 ቀሩ» አሉ።

አንባቢዎቼ፤ ያ ወር ምን እንደሆነ የማታውቁ ትኖራላችሁ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. የስደተኞች ጉዳይ ሠራተኞችና ሌሎችም የነበሩበት መኪና በታጣቂዎች ተመትቶ ስምንት ሰዎች ከሞቱ በኋላ፥ በዚህች ከተማ ወታደሮችና ደገኛ ነዋሪዎች በአኙዋኮች ላይ ተነሡ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ፤ ቤቶች ተቃጠሉ፤ በሺህ የሚቆጠሩትም ወደ ሱዳን ሸሹ። እኔ ደገኛ ነኝ። በዚያን ጊዜ ሕፃን ነበርሁ። ይህን ልነግራቸው አሰብሁ፤ ከዚያም ለማን እንደሚጠቅም አጥቼ ተውሁት። «አባት፥ አላወቅሁም ነበር» አልኋቸው። «መርከቡንም አላወቅህም ነበር» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። እንደ ተራ ነገር ነው የተናገሩት።

ከማንጎው ዛፍ ማዶ የሻይ ቤት የከፈተች አንዲት የደጋ ሴት ነበረች። ሽማግሌው በአማርኛ ጠሯት፤ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዛ መጣች። «አባባ፥ ዛሬ እንግዳ አለዎት» አለቻቸው። ስኳሩን ሳይጠይቋት ነው የጨመረችው፤ ሦስት ማንኪያ።

ስሰናበታቸው ለልጁ ምን ልንገርለት አልኋቸው። ወደ ወንዙ በምርኩዛቸው እያመለከቱ፥ ከአሸዋው በጣም ከፍ ብሎ የሚታይ አንድ ጥቁር ድንጋይ አሳዩኝ። «በሐምሌ ውኃው እዚያ ይደርሳል፤ በሐምሌ ይዘኸው ና» አሉኝ።