«ሲያልቅ አየዋለሁ» ያልነው ድራማ ለምን ሳያልቅ ይቀራል

ተከታታይ ድራማ በምንወድ ሰዎች ዘንድ አንድ ልማድ ሥር እየሰደደ ነው። አዲስ ነገር ሲወጣ ወዲያው አንጀምረውም። «ሁሉም ክፍል ይውጣና አንድ ላይ አየዋለሁ» እንላለን፤ ወይም «ሁለተኛው ምዕራፍ መኖሩ ይረጋገጥና እጀምረዋለሁ»። ያለ ምክንያት አይደለም፤ ልባችንን ሰጥተን የተከታተልነው ታሪክ መሃል ላይ ሲቆረጥብን ስንት ጊዜ አዝነናል! ነገር ግን ይኸው ጥንቃቄያችን አብዝተን የምንወዳቸውን፣ ተመልካቻቸው ጥቂት የሆነባቸውን ድራማዎች እየገደላቸው ነው ብዬ አምናለሁ። እንዴት እንደሆነ ላስረዳ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«1899»ን ያየ ሰው በቀላሉ አይረሳውም። ከአውሮፓ ወደ ኒውዮርክ በምትጓዝ መርከብ ላይ የተሳፈሩ ሰዎች ታሪክ ነው። ሁሉም የሚናገረው በየራሱ ቋንቋ ነው፤ ጀርመንኛ፣ ፖላንድኛ፣ ዴንማርክኛ፣ ስፓኒሽ፣ ፖርቱጋልኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ካንቶንኛ። ከመርከቧ ሆድ ውስጥ ከሰል የሚያቃጥለው ፖላንዳዊው ኦሌክና በአንደኛ ማዕረግ የተሳፈረችው ቻይናዊቷ ሊንግ ዪ አንዳቸው የሌላውን ቋንቋ አይሰሙም። ሆኖም ያወራሉ። እሱ በፖላንድኛ ይናገራል፣ እሷ በካንቶንኛ ትመልሳለች፤ የሁለቱንም ትርጉም ከሥር የምናነበው እኛ ብቻ ነን። ከሰማንያ በላይ ቋንቋ በሚነገርበት አገር ላደግን ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በአገር አቋራጭ አውቶቡስ የተጓዘ ሁሉ ያውቀዋል። በቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ በዚህ ድፍረት ተሠርቶ ግን እኔ አላየሁም ነበር።

ሠሪዎቹ ባራን ቦ ኦዳርና ያንትየ ፍሪዘ ከዚያ በፊት «ዳርክ» የተባለውን የጀርመን ድራማ በሦስት ምዕራፍ አጠናቀው ያስረከቡ ናቸው። «1899»ንም ለሦስት ምዕራፍ ነበር ያሰቡት። ስምንቱም ክፍሎች ኅዳር 17 ቀን 2022 በአንድ ቀን ኔትፍሊክስ ላይ ወጡ። ብዙ ሰው ከፈተው፤ በመድረኩ ብዙ ከታዩት አሥር ውስጥም ገባ። ጥር 2 ቀን 2023 ሠሪዎቹ መቋረጡን ተናገሩ። ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም።

ብዙ ሰው ከከፈተው ለምን ተቋረጠ? ኔትፍሊክስ በ2019 ለእንግሊዝ ፓርላማ ኮሚቴ በጻፈው ደብዳቤ ተመልካቾቹን እንዴት እንደሚቆጥር ገልጾ ነበር። የጀመሩት፣ ያዩትና የጨረሱት ለየብቻ ይቆጠራሉ። ጨረሰ የሚባለው ከምዕራፉ 90 በመቶውን ያየ ቤተሰብ ነው። ለሠሪዎቹ የሚነገራቸውም የመጀመሪያዎቹ 7 እና የመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ውጤት ነው። የኩባንያው ኃላፊዎች ደጋግመው እንደሚናገሩት ደግሞ የተመልካቹ ብዛት ከወጪው ጋር ይመዘናል። አሁን እንደ «1899» ያለውን፣ ቀስ ብሎ የሚሄድና ሐሳብ የሚጠይቅ ድራማ በዚህ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። ከሥራ ደክሞ የገባ ሰው አንድ ክፍል ያያል፤ ወድዶታል፣ ግን ማታውኑ ሁለተኛውን አይደግምም። በሳምንቱ አንድ ይጨምራል። በወሩ ግማሹ ላይ ነው። ይህ ሰው የድራማው እውነተኛ ወዳጅ ነው፤ በቆጠራው ግን ጀምሮ ያልጨረሰ ነው። «ሲያልቅ አየዋለሁ» ያለው ደግሞ ከነጭራሹ የለም።

ድሮ ግን እንዲህ ላለ ድራማ ጊዜ ነበር። «ስታር ትሬክ» በ1966 በአሜሪካው ኤንቢሲ ሲጀምር ተመልካቹ ብዙ አልነበረም። በ1968 መጀመሪያ ላይ ሊቋረጥ ነው ሲባል ወዳጆቹ ደብዳቤ አጎረፉ፤ የካልቴክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ችቦ ይዘው ወደ ጣቢያው ቢሮ ሰልፍ ወጡ። ጣቢያውም ድራማው እንደሚቀጥል በአየር ላይ አስታወቀ። ሦስተኛውን ምዕራፍ ግን አርብ ማታ በአራት ሰዓት ላይ አደረገው። ወጣቱ ተመልካች በዚያ ሰዓት ቤት አይገኝም፤ በ1969 በ79 ክፍሎች ተዘጋ። የተረፈው ከዚያ በኋላ ነው። በየከተማው ያሉ ትናንሽ ጣቢያዎች የሚሞሉት የአየር ሰዓት ስለነበራቸው ሰባ ዘጠኙን ክፍሎች በርካሽ ገዝተው በድጋሚ ማሳየት ያዙ። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ያገኙት ጀመር። በ1979 ፊልም ሆነ፤ በ1987 አዲስ ተከታታይ ወለደ። ያን ሁሉ ወዳጅ ያፈሩለት ከተዘጋ በኋላ ያገኛቸው ዓመታት ናቸው።

«ፋየርፍላይ»ን ደግሞ ዲቪዲ አዳነው። ፎክስ በ2002 ያስጀመረው በተሳሳተ ቅደም ተከተል ነበር፤ ታሪኩን የሚያስተዋውቀው የመጀመሪያው ክፍል የታየው መጨረሻ ላይ ነው! ከተሠሩት 14 ክፍሎች 11 ብቻ ታይተው ተቋረጠ። በቀጣዩ ዓመት ግን በዲቪዲ ወጣ። አንዱ ገዝቶ ለጎረቤቱ ያውሰዋል፣ ጎረቤቱ ወድዶት የራሱን ይገዛል፤ የጊዜ ገደብ የለበትም። ሽያጩ እንዲህ ሲያድግ በ2005 «ሴረኒቲ» በሚል ለሲኒማ ተሠራ። ዛሬ የዚህ መንገድ ትልቁ በር ተዘግቷል። በአንድ መድረክ ላይ ብቻ ያለ ድራማ ከመድረኩ ከወረደ አበቃ። ዲዝኒ የራሱን «ዊሎው» የመጨረሻው ክፍል በወጣ በአምስት ወር ውስጥ ከመድረኩ አንሥቶታል። አንድ ወዳጅህ «እይው» ቢልህ እንኳ የምታይበት ቦታ አይኖርም።

የድሮው ይሻላል እያልኩ አይደለም። «ዘ ኤክስፓንስ» የደረሰበትን ተመልከቱ። ሳይፋይ የተባለው የኬብል ጣቢያ የያዘው በአሜሪካ መጀመሪያ የማሳየት መብትን ብቻ ስለነበር የሚጠቅመው በሰዓቱ ቴሌቪዥኑ ፊት የተቀመጠ ሰው ብቻ ነበር። በኋላ በሌላ መንገድ የሚያየው ሁሉ ለጣቢያው ገቢ አልነበረም። በግንቦት 2018 ማቋረጡን አስታወቀ። ወዳጆቹ ከመቶ ሺህ በላይ ፊርማ አሰባሰቡ፤ አውሮፕላን ተከራይተው ሳንታ ሞኒካ በሚገኘው የአማዞን ስቱዲዮ ላይ መፈክር አስጎተቱ። ወሩ ሳያልቅ የአማዞን መሥራች ጄፍ ቤዞስ ድራማው መዳኑን ተናገረ፤ ሦስት ምዕራፍ ተጨምሮለት በ2022 ተጠናቀቀ። ለአንዱ ጣቢያ ያነሰው ተመልካች ለሌላው በቃ። በየአገሩ ተበትኖ ያለው ጥቂት ሰው አንድ ላይ ሲደመር ብዙ እንደሚሆን ያሳየን ይህ አዲሱ ዘመን ነው፤ በጀርመንኛ የተሠራው «ዳርክ»ም አዲስ አበባ ድረስ የመጣልን በዚሁ ነው። ችግሩ ዛሬ መድረኩ ራሱ የዓለሙን መብት ሁሉ ሲይዝ፣ ያቋረጠውን ድራማ ሌላ አንሥቶ የሚቀጥልበት ዕድል በጣም ጠባብ መሆኑ ነው።

በእነዚህ መድረኮች የማየት ልማድ ደግሞ ወደ ኋላ አይመለስም። የቴሌቪዥን ተመልካች የሚቆጥረው ኒልሰን ለግንቦት 2025 ባወጣው ቆጠራ አሜሪካውያን በቴሌቪዥን ከሚያሳልፉት ጊዜ 44.8 በመቶው የስትሪሚንግ ነበር፤ መደበኛውና ኬብሉ ተደምረው 44.2 በመቶ። ስለዚህ ጥያቄው በዚህ አዲስ ቆጠራ ውስጥ የእኛ ፍቅር እንዴት ይታይ የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ስለራሳችን የማልደብቀው ነገር አለ። አገር ቤት ያለነው ብዙዎቻችን የውጭ ድራማ የምናየው ፍላሽ ይዘን ሄደን አስጭነን ወይም ከቴሌግራም አውርደን ነው። በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት ካርድ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? አልፈርድበትም። ግን ያ እይታ በየትም አይመዘገብም። የአማርኛ ድራማዎች ጉዳይ ግን ሙሉ በሙሉ በእጃችን ነው። ዛሬ ብዙዎቹ በዩቲዩብም ይለቀቃሉ፤ ዱባይና ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ እህት ሥራዋን ጨርሳ ሌሊት ስልኳ ላይ የምታያቸው፣ ዋሽንግተን ያለ የታክሲ ሾፌር ተራ ሲጠብቅ የሚከፍታቸው እነዚህን ነው። ዩቲዩብ የማስታወቂያ ገቢ የሚያካፍለው ለለቀቀው ቻናል ነው፤ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ሆኖ የሚያይ ሰው የሚያስገኘው ገቢ ደግሞ እዚህ ካለው ይበልጣል። አንድ ክፍል ገና በወጣ በሰዓታት ውስጥ ቆራርጠው በሌላ ቻናል የሚለቁ ሰዎች አሉ። እዚያ የምናየው እያንዳንዱ ደቂቃ ለጸሐፊውም፣ ለተዋናዩም፣ ለካሜራ ባለሙያውም አንድ ሳንቲም አያመጣም። ሳይሞላላቸው በጥቂት ገንዘብ የተለየ ነገር የሚሞክሩ ወጣት ሠሪዎች ደግሞ መጀመሪያ የሚወድቁት እነሱ ናቸው፤ ታዋቂ ተዋናይ ያለበት አስቂኝ ድራማ ስፖንሰር አያጣም።

እባካችሁ፣ የወደዳችሁትን አታቆዩት። ዕድሉ ያላችሁ በወጣበት ወር ጀምሩት፤ ከጀመራችሁት ጨርሱት። የአማርኛውን ከባለቤቱ ቻናል እዩ፤ በውጭ ያላችሁ በተለይ። አሁን እየወጣ ያለ፣ ጥቂት ሰው ብቻ የሚያውቀው ጥሩ ድራማ ካለ ስሙን ከነቻናሉ ከታች ጻፉልኝ፤ በዚህ ሳምንት እኔም እጀምረዋለሁ።