የሸክም ስምምነት

የሙዚቃ ሰው ጆሮውን ያምናል። ክሩ ከቅኝቱ ሲወጣም ሆነ ምቱ ሲዘገይ የሚነግረው ጆሮው ነው። በኤሌክትሪክ ጊታር ዘንድ ግን ጆሮ የማይደርስበት አንድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም በአምፕሊፋየሩና በስፒከሩ ሣጥን መካከል ሊኖር የሚገባው የሸክም ስምምነት ነው።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በየቀበሌውና በየአውራጃው የኪነት ቡድኖች ሲቋቋሙ፣ ጊታርና አምፕሊፋየር ከመዲናይቱ መድረኮች አልፈው በአያሌ የክፍለ ሀገር ከተሞች ታዩ። ዛሬም በከፋ ዞን መዲና በቦንጋ፣ ለሠርግና ለበዓል የሚጠራ ጊታር ተጫዋች ዕቃው ሁሉ ከአንድ ፋብሪካ ተሟልቶ አይገኝለትም። አንዱ ሣጥን በጀርባው 4 ኦም፣ ሌላው 8፣ ሦስተኛው 16 ይላል። ኦም ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያሳየው እምቢታ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ከአምፕሊፋየሩ የሚስበው ኮረንቲ ይጨምራል።

እዚህ ላይ የአገሩ ምሳሌ ሰውን ያሳስታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይባላል። ተጫዋቹም አንድ ሣጥን ሲጨምር ሸክሙ የሚቀል ይመስለዋል። ለሣጥኖቹ እውነት ነው፤ ለአምፕሊፋየሩ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሁለት ባለ 8 ኦም ሣጥኖች በትይዩ ሲያያዙ 4 ኦም፣ በተከታታይ ሲያያዙ 16 ኦም ይሆናሉ። ባለ 8ና ባለ 16 በትይዩ ቢገናኙ 5.3 ኦም ገደማ ይሆናሉ፤ ባለ 8ቱም የጓደኛውን እጥፍ ኃይል ይወስዳል። በአምፕሊፋየሩ ጀርባ ያሉት ሁለት መሰኪያዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ በትይዩ የተያያዙ ናቸው።

ባለ ትራንዚስተሩ አምፕሊፋየር ከተጻፈለት ዝቅተኛ ቁጥር በታች ሲጫን ይግላል፤ ሊቃጠልም ይችላል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ግን ድምፁ ይቀንሳል እንጂ አይጎዳም። የባለ ቫልቩ ጠባይ ሌላ ነው፤ መውጫው ከሣጥኑ ቁጥር ጋር እንዲመሳሰል ይሻል፤ ያለ ስፒከር ከተጫወቱበትም ትራንስፎርመሩ ሊበላሽ ይችላል። ጽሑፉ የጠፋበት ነጠላ ስፒከር በኦም መለኪያ 6 ገደማ ካሳየ፣ ባለ 8 መሆኑን መገመት ይቻላል።

ከሁሉ የሚከፋው ጥፋቱ ውበት ለብሶ መምጣቱ ነው። ከአቅሙ በላይ የተጫነ ባለ ትራንዚስተር አምፕሊፋየር በመጀመሪያ ጎላ ብሎ ይሰማል፤ ድንኳኑ ይደምቃል፣ እልልታው ይቀልጣል። ጆሮ የመሰከረለትን ማን ይጠረጥራል? ቦንጋ ግን ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። አምፕሊፋየሩ በጥር የተቃጠለበት ተጫዋች የሚያጣው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የሠርጉን ወራት እንጀራ ጭምር ነው።

እንግዲህ የሠርጉ ባለቤት «ሌላም ሣጥን ጨምር» ሲል፣ ቁጥሩን ደምሮ «አይችለውም» የሚል ከያኒ ድፍረት ያስፈልገዋል። በዚያች ማታ ድምፁ አነሰ ተብሎ ይታማ ይሆናል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን የሚጫወትበት አለው።