ልዩ ልዩ ወጪ

የወጪ ደብተር የሚይዝ ቤተሰብ ሁሉ በደብተሩ መጨረሻ ላይ አንድ ዓምድ ይተዋል። ስሙ «ልዩ ልዩ ወጪ» ነው። የጤፉ፣ የዘይቱ፣ የመብራቱና የውሃው ዋጋ በየስሙ ሲመዘገብ፣ ለመርሳት የቀለለው ወይም ስሙን ጠርቶ ለመጻፍ ያሳፈረው ገንዘብ ወደዚህ ዓምድ ይገባል። እንግዲህ የአንድን ቤት ኑሮ ከነሐቁ ለመረዳት የሚሻ ሰው ከጤፉ ዋጋ ይልቅ ይህን ዓምድ ቢመረምር ሳይሻለው አይቀርም።

በሽሮ ሜዳ አካባቢ የሚኖር አንድ የባዮሎጂ መምህር በ2010 ዓ.ም. የግንቦት ወር ማለቂያ ላይ እንዲህ ያለውን ደብተር ከፊቱ ዘርግቶ አመሸ። እርሱና ባለቤቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ከደመወዛቸው እየቀነሱ ያጠራቀሙት 9,200 ብር ለአንድ ጉዳይ ብቻ የታሰበ ነበር፤ ይኸውም ክረምቱ ሳይገባ የዛገውን የጣሪያ ቆርቆሮ ለመለወጥ። የቆርቆሮው፣ የምስማሩና የአናጢው ሒሳብ ተሠርቶ አልቋል። ከደጅ ግን የዋሴ ትንፋሽ ይሰማ ነበር፤ ከወትሮው የተለየ፣ አጭርና ፈጣን ትንፋሽ።

ዋሴ የሰባት ዓመት የሐበሻ ውሻ ናት። በአገራችን ልማድ ውሻ ከደጅ ያድራል፤ የሚደርሰውም ትራፊ ነው። ስም ግን ይወጣለታል፤ ብዙ ጊዜም ባለቤቱ ለጎረቤቱ ፊት ለፊት ሊናገረው ያልደፈረውን ነገር በውሻው ስም ሲጠራው ይኖራል። በዋሴ ስም ውስጥ እንዲህ ያለ ቅኔ አልነበረም። የግቢው አጥር በፈረሰበት ዓመት ቡችላ ሆና ስትመጣ የመምህሩ ባለቤት «አጥሩ እስኪቆም ዋሴ አንቺ ነሽ» አለቻት። አጥሩ ቆመ፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በአንድ የኅዳር ሌሊት፣ መምህሩ ወደ ውጭ እንደ ወጣ በግቢው ውስጥ ወደቀ። የስኳር ሕመምተኛ ነው፤ በዚያ ምሽት ኢንሱሊኑን ተወግቶ እራቱን ሳይበላ ተኝቶ ነበር። ላብ አጥምቆት፣ አንደበቱ ተሳስሮ፣ በብርዱ ላይ ተዘርግቶ ሳለ ባለቤቱን ከእንቅልፏ የቀሰቀሳት ውሻዪቱ ናት። ዋሴ በዚያ ሌሊት የጮኸችው ለሌባ እንደምትጮኸው አልነበረም፤ በሩን እየቧጠጠች ነበር። በውሃ የተበጠበጠው ስኳር መምህሩ መዋጥ ሳይሳነው ደረሰለት።

አሁን ደግሞ የታመመችው እርሷ ናት። ሳምንት ሙሉ ምግብ ትታ ውሃ ብቻ ትጠጣ ነበር። የመምህሩም ሕመም ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በጥማት ነበርና የጀመረው፣ የእርሱ በሽታ የያዛት መሰለው። በዚያ ሌሊት ግን ደጋግማ አስታወከች፤ ሆዷ ተነፋ፤ የኋላ እግሮቿም አልታዘዝ አሏት። ሲነጋ ሚኒባሶቹ ውሻ አናሳፍርም አሉ። አንድ የላዳ ሾፌር መቀመጫውን በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኖ በእጥፍ ዋጋ ወሰዳቸው።

የእንስሳት ሐኪሙ በቢሾፍቱ የተማረ ወጣት ነበር። እጁን ከሆዷ ላይ ሳያነሣ «ጋሼ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ወንድ የፈለገችው መቼ ነበር?» ሲል ጠየቀ።

መምህሩ ጥቂት አሰበ። «ሁለት ወር ገደማ ይሆናታል።»

«እንግዲያው ማሕፀኗ መግል ቋጥሯል።»

ሐኪሙ በትዕግሥት አስረዳ። ይህ በሽታ ሳይመክኑ በዕድሜ የገፉ እንስት ውሾችን ያጠቃል። ወንድ የመፈለጊያው ወቅት ካለፈ በኋላ ለሳምንታት ከፍ ብሎ የሚቆየው ሆርሞን የማሕፀኑን ግድግዳ ያወፍረዋል፤ ባክቴሪያ ሲገባበትም መግል ይቋጥራል። የማሕፀኑ አፍ ከተዘጋ መግሉ መውጫ አያገኝም፤ መርዙም ወደ ደም ይዘልቃል። ጥማቱም ከዚሁ የመጣ ነው፤ መርዙ ኩላሊት ውሃ የመቆጠብ ኀይሉን ያሳጣዋልና። መፍትሔው ማሕፀኑን ከነእንቁላል ማፍሪያው በቀዶ ጥገና ማውጣት ነው። በወጣትነቷ ተመክና ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ፤ ወጪውም እጅግ ባነሰ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት የእንስሳትን የመራቢያ አካላት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲሥል የኖረው መምህር ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ።

«ስንት ይሆናል?»

«4,800 ብር። የክትትሉ መድኃኒት ለብቻው ነው። ደግሞ ነገ ሳይሆን ዛሬ ነው፣ ጋሼ።»

መምህሩን ያስጨነቀው የቆርቆሮው ነገር ብቻ አልነበረም። ከሦስት ሳምንት በፊት ጎረቤቱ የሸማኔው ሚስት ለታመመ ልጇ መድኃኒት መግዣ 600 ብር እንዲያበድራት ጠይቃው ነበር። እርሱም «ያለን የጣሪያ ገንዘብ ነው፤ አይነካም» ብሎ 200 ብር ብቻ ሰጥቷታል። ለልጅ ያልተነካው ገንዘብ ዛሬ ለውሻ ሊነካ ነው።

ለባለቤቱ ደወለ። ዋጋውን ነገራት። ዝም ስትልበት «ሰው ምን ይላል?» አለ።

«ሰው የሚለውን ይላል፤ ጣሪያውም ያፈሳል» አለችው። «ያን ሌሊት ማን እንደ ቀሰቀሰኝ ረሳኸው እንዴ? ክፈል።»

ቀዶ ጥገናው ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። መምህሩ በደጃፉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ለተማሪዎቹ በየዓመቱ የሚተርከውን ታሪክ ለራሱ ተረከው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1921 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ፍሬደሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ቆሽታቸው የወጣባቸውን፣ በዚህም ምክንያት በስኳር በሽታ የተያዙትን ውሾች ከቆሽት በተቀመመ መድኃኒት ወግተው የደማቸውን ስኳር ዝቅ ለማድረግ ቻሉ። በተከታዩ ዓመት ጥር ወር የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምሰን በዚያው ከተማ መድኃኒቱን ለመወጋት የመጀመሪያው ሰው ሆነ። መምህሩ በየማለዳው የሚወጋው ኢንሱሊን የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። የሰዎቹ ስም በመማሪያ መጻሕፍት ታትሟል፤ ከውሾቹ ግን የብዙዎቹ መታወሻ በላቦራቶሪ መዝገብ ላይ የሰፈረ ቁጥር ብቻ ነው። ይህን ውለታ በድንጋይ ላይ እንዲቀረጽ ካደረጉት ጥቂቶች አንዱ ኢቫን ፓቭሎቭ ነበር። በእርሱ አሳሳቢነት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1935 በሌኒንግራድ፣ በዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ፣ በሙከራ ሕክምና ተቋሙ ግቢ ውስጥ ለውሻ ሐውልት ቆመላት።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። የሚነገረው ለነቀፋ ይሁን ለምስጋና እንደ ተናጋሪው ነው። ሰውስ በበላበት ይጮኻልን?

በሰው ችግር ፊት ለውሻ ገንዘብ ማውጣት ቅንጦት ነው የሚለው ወቀሳ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። መምህሩም በዚያ ወንበር ላይ ሆኖ ሊያልፈው አልቻለም። ነገሩን ወደ ሥሩ ሲመረምረው ግን በደሉን ያገኘው በሌላ ቀን ላይ ነው። ዋሴ ሳትታከም ብትሞት ኖሮ ከጣሪያው ገንዘብ አንዲት ሳንቲም ወደ ሸማኔው ቤት አትሻገርም ነበር። ገንዘቡ ተቆልፎ ይቀመጥ ነበር፤ ሕሊናውም ከእርሱ ጋር ተቆልፎ ይተኛ ነበር። ሣጥኑ ለውሻዪቱ ሲከፈት ግን ከሦስት ሳምንት በፊት ሊከፈት ይችል እንደ ነበረ ታወቀ።

ዋሴ ዳነች። በአሥረኛው ቀን ስፌቷ ሲፈታ የሐኪሙ፣ የመድኃኒቱና የመመላለሻው ወጪ በጠቅላላው 6,350 ብር ደርሶ ነበር። በዚያው ምሽት መምህሩ ደብተሩን ገለጠና አኀዙን «ልዩ ልዩ ወጪ» በሚለው ዓምድ ውስጥ አሰፈረ። ባለቤቱ ከትከሻው በላይ አነበበችው።

«ልዩ ልዩ የምትባል ውሻ አለችን እንዴ?»

መምህሩ ሰረዘው። በምትኩም «ለዋሴ ሕክምና፦ 6,350 ብር» ብሎ ጻፈ። ጥቂት ቆየና ከሥሩ ሌላ መስመር ጨመረ፤ «ለጎረቤት ሊሰጥ ሲገባ ያልተሰጠ፦ 400 ብር»።

በማግሥቱ የሸማኔው ሚስት እሳት ልትጭር ስትመጣ ዋሴን የተላጨ ሆዷን ለፀሐይ ሰጥታ ተኝታ አገኘቻት። «ይችማ ተርፋለች! ስንት ፈጀባችሁ፣ ጋሼ?» አለች።

ዋጋውን ዝቅ አድርጎ መናገር ይቻል ነበር። መምህሩ ግን «6,350 ብር» አለ።

ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። 400 ብሩን ሲዘረጋላት ተቀበለችና ቆጠረችው። «ልጁ እንኳ ድኗል» አለች። «የጎደለኝን ከሌላ ሰው ተበድሬ ነበር፤ እሱን እከፍልበታለሁ።» ምስጋናም ወቀሳም ሳትጨምር ፍሟን ይዛ ሄደች።

በሐምሌ ጣሪያው አፈሰሰ። ባልና ሚስቱ አልጋቸውን ወደ ደረቁ ጥግ ስበው፣ ከፍሳሹ ሥር ሳፋ ደቅነው ከረሙ። ሌሊት ጠብታው ሳፋውን ሲመታ ዋሴ ሌባ የመጣ መስሏት ከደጅ ትጮኽ ነበር።

ቆርቆሮው የተለወጠው በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው። የዚያ ዓመት ደብተር «ልዩ ልዩ ወጪ» የሚል ዓምድ የለውም።