ለስስ ላሜራ የሚሆን እሳት

አሮጌ አውቶሞቢል የሚሞተው በላሜራው በኩል ነው። ሞተር ቢደክም ይፈታል፥ ይታደሳል፥ ባይሆንም በሌላ ይተካል፤ ጎማና ባትሪም እንዲሁ። አካሉን ዝገት የበላው እንደ ሆነ ግን የተበላው ተቆርጦ ወጥቶ በስፍራው አዲስ ላሜራ ካልተበየደበት በቀር መድኃኒት የለውም። በከተማችን ብዙ ጊዜ የሚደረግለት ሌላ ነው፤ በቀዳዳው ላይ ስቱኮ ይለጠፍና በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ቀለም ይቀባል፤ ባለቤቱም ሲያብረቀርቅ አይቶ አመስግኖ ይወስዳል። ዝገቱ ከሥር ሥራውን አይተውምና ብዙ ክረምት ሳያልፍ ስቱኮው እንደ ደረቀ ቂጣ ተነሥቶ ይወድቃል።

ከአባቴ የወረስኋት ቮልስዋገን የደረሰባት ይኸው ነው። ይህች ዓይነት አውቶሞቢል በአገራችን ታሪክ ውስጥ እንኳ ስፍራ አላት፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። የመጨረሻዋ በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከፋብሪካ የወጣችው በ2003 እ.ኤ.አ. ስለ ሆነ፥ እንግዲህ ያሉትን ከመጠበቅ በቀር አዲስ አይመጣም። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው፤ በዚያ የሞቀው አየር በሁለቱ በሮች ሥር በተዘረጉት ባዶ ቦዮች አልፎ ወደ ፊት ይመጣል። አካሏ ከወለሉ ጋር በብሎን የሚታሰረው በእነዚሁ ቦዮች በኩል ነውና እነርሱ ሲበሰብሱ ጥንካሬዋ አብሮ ይጎድላል፤ በሩም አልገጥም ይላል። ልጆቼን በኋላ ወንበር አስቀምጬ የምነዳትን መኪና ለስቱኮ ልተዋት አልወደድሁም። አንድ ጋራዥ የጠየቀኝ ዋጋ ደግሞ የብዙ ወር ደመወዜ ስለ ነበረ፥ የብየዳ ማሽን ገዝቼ በቤቴ ግቢ ልሠራ ቈረጥሁ።

መርካቶ ያሉት ነጋዴዎች ማሽን የሚያመሰግኑት በአምፔሩ ብዛት ነው። አንዱ፥ «ጌታዬ፥ ይህ 200 አምፔር ነው፤ የድልድይ ብረት እንኳ ይበይዳል» አለኝ። ድልድይ የለኝም። «ዝቅተኛውስ ስንት ነው?» ብዬ ብጠይቀው፥ ከዚያ በፊት ማንም ጠይቆት የማያውቅ ይመስል ማሽኑን አዙሮ ጽሑፉን ይፈልግ ጀመር። የአውቶሞቢል ላሜራ ውፍረቱ በአብዛኛው ከ0.7 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ነው። ብረት የሚቀልጠው በ1,500 ዲግሪ ገደማ ነውና፥ እንዲህ የሳሳው ላሜራ ጥቂት ሙቀት ቢበዛበት ወዲያው ይበሳል፤ ባይበሳም ይጣመማል። ስለዚህ ገዢ ሊጠይቅ የሚገባው ማሽኑ ወደ ታች እስከ ምን ድረስ ረግቶ እንደሚነድ ነው፤ በ30 አምፔር ሳይቆራረጥ የሚሠራው ለዚህ ሥራ ከባለ 200ው ይበልጣል።

ከሁሉ የሚረክሰው የግቢ በርና የመስኮት ብረት የሚበየድበት ባለ ኤሌክትሮድ ማሽን ነው። በእርሱ በር እንጂ ፓራፋንጎ አይበየድም፤ 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ በስስ ላሜራ ላይ ከመግጠም ይልቅ መብሳት ይቀናዋል። ቲግ የሚባለው፥ በአርጎን ጋዝ ተከልሎ በተንግስተን ጫፍ የሚነደው፥ እጅግ ንጹሕ ስፌት ይሰጣል፤ ግን አዝጋሚ ነው፥ ሁለቱንም እጅ ይይዛል፥ ዝገትና ቅባት የቀረበትንም ብረት አይታገሥም። የአሮጌ መኪና ሆድ ደግሞ ንጹሕ ሆኖ አያውቅም።

የባቲላሜራዎች የቆየ መሣሪያ የጋዝ ብየዳ ነው። ኦክሲጂንና አሴቲሊን ተቀላቅለው ሲነዱ 3,100 ዲግሪ ያህል የሚደርስ ነበልባል ይሰጣሉ፤ ስፌቱም ለስላሳ ስለ ሆነ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ይስተካከላል። በሰፈራችን የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ባቲላሜራ አሳቤን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፥ እሳት የሚታዘዘው ሲያዩት ነው፤ ይህ የናንተ ሽቦ ዐይን ይጋርዳል» አሉኝ። እርሳቸው ነበልባሉን ሲመሩ ያየ ሰው ሊከራከራቸው አይችልም። ነገር ግን ያ እጅ የብዙ ዘመን እጅ ነው። ጀማሪ ሲይዘው ነበልባሉ ሰፊ ስፍራ ያሞቅና ላሜራውን ያጨማድደዋል፤ አሴቲሊንንም ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ላስቀምጥ አልደፈርሁም።

የቀረው ሚግ የሚባለው፥ ሽቦው ከጥቅሉ እየተፈታ በራሱ የሚመጣው ማሽን ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሲፈለሰፍ ለአሉሚኒየም የታሰበ ነበር። በአንድ እጅ ስለሚያዝ ሌላው እጅ ላሜራውን ይደግፋል። ነጋዴው ጋዝ የማያሻውን፥ ውስጡ ዱቄት የተሞላውን ሽቦ ሊሸጥልኝ ብዙ ደከመ፤ ይህ ሽቦ ነፋስ ባለበት ደጅ ይጠቅማል፥ ግን ፍንጣሪው ብዙ ነው፥ ለስስ ላሜራም ሙቀቱ ይከብዳል። እኔ የወሰድሁት 0.6 ሚሊ ሜትር ድፍን ሽቦ ነው። ጋዙም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻውን ሲሆን ይረክሳል፤ አርጎን ሲበዛበት ግን እሳቱ ይለዝባል፥ ፍንጣሪውም ይቀንሳል። በዚህ ላይ ገንዘብ አልቈጠብሁም።

ባለቤቴን ያሳሰባት መብራቱ ነበር፤ ባልቦላው ይቃጠላል ብላ ፈራች። ቁጭ ብለን አሰላነው። በ60 አምፔር ሲበየድ የእሳቱ ቮልት 17 ያህል ነው፤ ሁለቱ ሲባዙ 1 ኪሎ ዋት ገደማ ይሆናል፤ በማሽኑ ውስጥ የሚባክነው ቢጨመር እንኳ 1.5 ኪሎ ዋት አይሞላም። የኤሌክትሪክ ምጣዳችን ግን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይፈልጋል። ነጋዴው ባመሰገነው በ200 አምፔር ቢሆን ስሌቱ ወደ 6 ይወጣ ነበር። የተስማማነው እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ብየዳ እንዳይኖር ነው፤ ስምምነቱም እስካሁን ጸንቶአል።

በማሽኑ ጀርባ 20 በመቶ የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከ10 ደቂቃ 2ቱን ነድቶ 8ቱን ያርፋል ማለት ነው። በር ለሚሠራ ሰው ይህ ጭንቅ ነው፤ ላሜራ ግን ራሱ ዕረፍት ይፈልጋል። አንድ ነጥብ እዚህ፥ ሌላው ነጥብ ከስንዝር በላይ ርቆ እዚያ፥ ከዚያም እጅ እስኪያስነካ ድረስ መጠበቅ፤ ስፌቱ የሚሞላው በዚህ ዓይነት ነው። አስቀድሞ ከኋላ ወንበር ሥር ያለው ባትሪ ይፈታል፥ ከፊት ያለው የቤንዚን ታንክም ወጥቶ ከግቢው ይርቃል። ዚንክ የተቀባ ላሜራ ከሆነ ቅባቱ ይፋቅ፤ ጭሱ ትኩሳት ያመጣልና።

የግራው ቦይ አልቋል፤ በሩ አሁን በአንድ ግፊት ይዘጋል። የቀኙ ክረምት ሳይገባ ይደርሳል ብዬ አስባለሁ። ሽማግሌው ባለፈው እሑድ መጥተው ስፌቱን በጥፍራቸው ጫፍ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት። ምንም አላሉም፤ መዶሻቸውን ግን አውሰውኝ ሄዱ።